የከተማዋ ጥም፣ የተራራው ድንጋይ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ከመቀሌ ሰፈሮች በአንዱ፣ በነጭ ድንጋይ አጥር በተከበበ ግቢ ውስጥ ቧንቧው አየር ይተፋ ጀመር። ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ዝገት የቀላቀለ ውሃ አወጣ፤ ከዚያ ጠራ። የቤቱ እመቤት ነጠላ እንኳ ሳይደርቡ ወጡ። ልጆቹን የቀሰቀሳቸው የለም፤ እዚህ ከተማ ያደገ ልጅ የቧንቧ ድምፅ ከሰመመኑ ያነቃዋል። ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ተሰለፉ፤ ባልዲው፣ ሳፋው፣ ትልቁ ድስት ተራ ያዙ። በመጨረሻ ጎማው ወደ ሮቶው ተዘረጋ። ቀጣዩ ፈረቃ መቼ እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ስለዚህ ውሃ የሚይዝ ዕቃ ሁሉ ይሞላል።

ሲነጋ ሻይ ተጣደ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። ከከተማዋ ሥር ካለው የኖራ ድንጋይ እየሟሟ የሚመጣ ነው። የመቀሌ ሰው ውሃው የሚወጣበትን ቦታ አይቶት ባያውቅ እንኳ፣ ውሃው ያለፈበትን አለት በየጠዋቱ ማንቆርቆሪያው ግርጌ ያገኘዋል።

ይህ ውሃ ቧንቧው ጋ ከመድረሱ በፊት የት ነበር? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ከከተማ ያወጣል፤ ዶማና አካፋ የያዙ ሰዎች ወደሚወጡበት ተራራ ይወስዳል።

ጎተራው እየጎደለ

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መቀሌ 97 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 216 ሺህ ገደማ ደረሰች፤ በ12 ዓመት ከእጥፍ በላይ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዋ ሰፋ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተተከለ፣ ኮንዶሚኒየሞች ቆሙ፣ ድሮ በመንገድ ላይ የምትታለፈው ኲሓ ከከተማዋ ጋር ገጠመች። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በየትምህርት ቤቱ ተጠለሉ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ይጠጣሉ፣ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ።

ለረጅም ዘመን የከተማዋ ዋና መተማመኛ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለው የዓይናለም የጉድጓድ ውሃ ነው። ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ በኖራ ድንጋዩና በጥቁሩ አለት ስንጥቅ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ በፓምፕ ይሳባል። የከርሰ ምድር ውሃ እንደ ገበሬ ጎተራ ነው፤ በክረምት የገባው በበጋ ይወጣል። ከገባው በላይ ሲወጣ ግን የውሃው ወለል ዝቅ ይላል፣ ፓምፑ ይበልጥ ይለፋል፣ ፈረቃው ይራዘማል። በዓይናለም የሆነው ይኸው ነው።

ዝናቡስ? መቀሌ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ሲወርድም በርትቶ ነው። በተራቆተ ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ መሬት ውስጥ ለመስረግ ጊዜ አያገኝም፤ አፈሩን ጠርጎ በሰዓታት ውስጥ ወንዝ ይገባል፣ በግባ በኩል አድርጎ ተከዜ ይወርዳል። ነሐሴ ላይ ድልድይ የሚያስፈራ ጎርፍ በታየበት ቦይ፣ ጥር ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

ስለዚህ ጉዳዩ ጎተራው ስንት ጊዜ ተከፈተ ብቻ አይደለም፤ ማን ይሞላዋል የሚለውም ነው።

ወፈራ

ከመቀሌ በስተሰሜን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ውቅሮ ይደረሳል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ ቀያዮቹ የአሸዋ ድንጋይ ገደሎች ብቅ ይላሉ። አብርሃ ወአጽብሃ በዚህ በኩል ነው፤ በሁለቱ ወንድማማች ነገሥታት ስም የሚጠራው፣ ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያለበት መንደር።

ጥር ነው። እህሉ ከአውድማ ገብቷል፤ የበጋው ነፋስ ፊት ያደርቃል። ገና ፀሐይ ሳትበረታ ሰዉ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ዶማ በትከሻ፣ አካፋ በእጅ፣ አፈር መሸከሚያ ባሬላ ለሁለት። በአማርኛ ደቦ ወይም ወንፈል የምንለው ዓይነት የጋራ ሥራ በትግርኛ ወፈራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ማሳ በተራ ከሚያርምበት ደቦ የሚለየው፣ እዚህ የሚሠራበት ተራራ የማንም የግል ይዞታ አለመሆኑ ነው።

ሁለት ወጣቶች ሁለት ዘንግ አቁመው በመካከላቸው ገመድ ወጥረዋል፤ ገመዱ መሐል ላይ ትንሽ ውሃ ልክ ተንጠልጥሏል። አረፋው መሐል ሲቆም ሦስተኛው መሬቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ወንዶቹ ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ድንጋይ እየተቀባበሉ ያደርሳሉ፤ ግንብ የሚያውቁት አዛውንት ይደረድራሉ። ትልቁ ድንጋይ ከሥር፣ ትንሹ ከላይ፣ ፊቱ ወደ ተራራው ትንሽ ዘንበል ያለ። እርከኑ በአንድ ጣት እንኳ ቢያዘነብል ጎርፉ ዝቅ ያለችውን ቦታ ፈልጎ ያገኛታል፤ እዚያ ላይ ይሰብረውና ካልተሠራው የባሰ ቦረቦር ያበጃል። ለዚህ ነው በውሃ ልኩ ላይ ማንም የማይቸኩለው።

ሥራው ሁሉ ተደምሮ አንድ ዓላማ አለው፤ ውሃውን ማዘግየት። ከላይ፣ ተራራው ትከሻ ላይ፣ የድንጋይ እርከንና ከጀርባው የተቆፈረ ቦይ ጎርፉን ይይዘዋል። ያመለጠው ወደ ቦረቦሩ ሲገባ ክትሮች ደረጃ በደረጃ ይጠብቁታል፤ ኃይለኛ በሆነበት ቦታ ድንጋይ በሽቦ መረብ ታስሮ ጋቢዮን ይሠራል። ደለሉ ከክትሩ ጀርባ ይተኛል፤ ሣር ይበቅልበታል። እግርጌ ላይ ኩሬ ይቆፈራል። ኩሬው በክረምት ሞልቶ በበጋ ሲደርቅ ያየ እንግዳ ሥራው ከንቱ የቀረ ይመስለዋል፤ ግን ውሃው የጠፋው ወደ ታች ሰርጎ ነው፤ የታሰበውም ይኸው ነው። ከኩሬው በታች ባሉት ማሳዎች ውስጥ የተቆፈሩት የእጅ ጉድጓዶች በዚያ ውሃ ይሞላሉ።

«ኩሬው ሲደርቅ አናዝንም። ጉድጓዱን ሄደን እናያለን።»

ይህን ያሉት የልጅ ልጅ ያዩ እናት ናቸው፤ በአገሩ ልማድ አደይ ተብለው ይጠራሉ። ድሮ ውሃ ለመቅዳት ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ፀሐይ ከበረታ በኋላ ይመለሱ እንደነበር ያስታውሳሉ። አሁን በአንዳንድ ማሳዎች ውሃው ከሦስት ሜትር ባልራቀ ጥልቀት ይገኛል። ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ከዚያም አልፎ ማንጎ፣ ዘይቱንና አቮካዶ የሚለማበት በዚህ ውሃ ነው።

ልቀቁ የተባለ መሬት

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት ትግራይ ከሁሉ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዷ ነበረች። ድርቁ ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ የአብርሃ ወአጽብሃ መሬት ሰው መመገብ አቅቶት ነበር። አፈሩ ታጥቦ አሸዋ ቀርቷል፤ ምንጩ ደርቋል። ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ አካባቢ ሄደው ይስፈሩ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ተመካከሩና እንቆያለን አሉ። በአገሩ «አባ ሓዊ» በሚል ስም የታወቁት የመንደሩ መሪ ጎልተው የወጡት በዚህ ጊዜ ነው። ሓዊ በትግርኛ እሳት ማለት ነው።

እሳትነታቸው የታየው በድንጋይ ካቡ ብቻ አልነበረም። ከብት በተራራው ላይ ልቅ እንዳይሰማራ፣ ሣሩ ታጭዶ ለከብቱ እንዲቀርብለት፣ በማሳ መካከል የቆመ ሞሞና የተባለው ግራር እንዳይቆረጥ ማኅበረሰቡን አሳመኑ። ሞሞና እንግዳ ጠባይ ያለው ዛፍ ነው፤ ሌላው ተክል በሚለመልምበት በክረምት ቅጠሉን ያረግፋል፣ በበጋ ያወጣል። እህሉ ሲያድግ ፀሐይ አይከለክለውም፤ የረገፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል።

መንደሩ በሰኔ 2004 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማትን ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የትግራይ ክልል በአጠቃላይ፣ በረሃማነትን ለመከላከል በሠራው ሥራ ከወርልድ ፊውቸር ካውንስል የወርቅ ሽልማት አገኘ። ብዙ አንባቢ ይህን ያህሉን ሰምቷል። ያልተነገረው፣ ከድንጋዩ ጀርባ ያለው ውል ነው።

ስሪት

ስሪት የሚባለው የመንደሩ የራሱ ደንብ ነው። ሰው በጉባኤ ተቀምጦ ተከራክሮ ያወጣዋል፤ የትኛው ተራራ እንደሚከለል፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና ለማን እንደሚደርስ፣ ፍየሉ ክልሉ ውስጥ የተገኘበት ስንት እንደሚቀጣ፣ ጥበቃው ከምን እንደሚከፈለው። ለብዙ ዓመታት አቅም ያለው ነዋሪ በዓመት 20 ቀን ያለ ክፍያ በተፋሰሱ ሥራ ላይ እንዲውል የተደረገው በዚህ ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ነው።

ይህን ሥርዓት እንደ ቅዱስ ነገር መተረክ አይገባም። የቀረ ይቀጣል፤ የሚቀጣ ነገር ሁሉ በፈቃድ ነው ማለት ያስቸግራል። ባል የሌላት፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት 20 ቀን ድንጋይ ስትሸከም ከቤቷ የሚጎድለው ሁለት በሬ ካለው ጎረቤቷ ከሚጎድለው ይበልጣል። ተራራው ሲከለል መጀመሪያ የሚጎዳው መሬት የሌለው፣ ሀብቱ ጥቂት ፍየል የሆነ ሰው ነው። «ለእኛ መዝጋት ማለት መራብ ነበር» ይላል አንድ የፍየል ባለቤት። ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ ሌሊት ፍየሎቹን ያስገባ እንደነበርም አይደብቅም።

ነገሩ የተለወጠው ጥቅሙም እንደ ሥራው ሲከፋፈል ነው። ያገገሙ ተራሮች መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ተሰጡ፤ ቀፎ ሰቀሉበት፣ ሣር ሸጡበት፣ ዛፍ ተከሉበት። የትግራይ ነጭ ማር በገበያ ያለውን ክብር ሁላችንም እናውቃለን፤ ንቧ ግን አበባ ትፈልጋለች፣ አበባው እርጥበት ይፈልጋል፣ እርጥበቱ ደግሞ የቆመ እርከን። ቀፎ ያለው ወጣት እርከን ሲፈርስ አይቶ አያልፍም። እንደ እኔ ግምት ከቅጣቱ ሁሉ የበለጠ ተራራውን የጠበቀው ይህ ነው።

«ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ ሁሉ አይጠብቅም። ቀፎ ያለው ግን ይጠብቃል።»

ደለል የበላቸው ግድቦች

ለምን በዚህ ሁሉ ድካም ፋንታ ግድብ አይሠራም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተሞክሯልም። በ1987 ዓ.ም. በተጀመረ መርሐ ግብር በትግራይ በአሥር ዓመት 500 ትናንሽ ግድቦች ለመሥራት ታቅዶ ነበር። ከዕቅዱ የተፈጸመው ጥቂቱ ነው። ከተሠሩትም ብዙዎቹ ከታሰበላቸው ዕድሜ እጅግ ቀድመው በደለል ተሞሉ፤ ሌሎቹ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ በኩል ውሃቸውን አፈሰሱ።

መሐንዲሶቹ በግድቡ ላይ ሲያተኩሩ ከግድቡ በላይ ያለው ተራራ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ተራራ ሳይለብስ ግድብ መሥራት፣ ጣሪያ ሳይከድኑ ዕቃ እንደማስገባት ነው። የቆመው ውሃ ሌላም ዋጋ አስከፈለ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ቴድሮስ አድኃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በእነዚህ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት በሰባት እጥፍ ገደማ በወባ እንደሚያዙ አሳይተዋል።

ከዚህ ውድቀት ውስጥ ግን አንድ የማይጠበቅ ነገር ወጣ። ውሃ ያፈሳሉ ተብለው ከተተዉት ግድቦች አንዳንዶቹ በታች፣ ቀድሞ ባልነበሩበት ቦታ ምንጮች ፈለቁ። ገበሬዎቹ ማንንም ሳይጠብቁ ቦይ ቀደው ጓሮ አለሙባቸው። ግድቡ አልያዘውም ያሉት ውሃ፣ መሬቱ ይዞት ነበር። አንድ የተፋሰስ ባለሙያ እንደሚለው ኩሬና ክትር ለማስረግ ብሎ መሥራት የተለመደው፣ ገበሬው ያየውን ባለሙያው ካየ በኋላ ነው።

ከ1860 ዓ.ም. የመጣ ምስክር

ሥራው ለውጥ አምጥቷል ወይ ብሎ መጠየቅ ለሚወድ ሰው ያልተለመደ ማስረጃ አለ። በ1860 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በትግራይ በኩል ሲያልፍ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የመልክአ ምድር ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው እነዚያን ምስሎች ይዘው ካሜራው የቆመባቸውን ቦታዎች ፈለጉ። ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ቆመው እንደገና አነሱ።

ብዙዎቻችን ያደግነው «ድሮ ሁሉም ደን ነበር» በሚል ወሬ ነው። የድሮዎቹ ምስሎች ግን የተራቆቱ ተራሮችን ያሳያሉ። አዲሶቹ ላይ ዛፍና ቁጥቋጦ በዝቷል፣ በየተዳፋቱ እርከን ተሰምሯል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በድንጋይ እርከን ላይ ያደረጉት ልኬታም በእርከኑ ምክንያት ከማሳ የሚታጠበው አፈር በአማካይ በ68 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ከፎቶው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም ሞተር የለበትም፣ ሲሚንቶ የለበትም። እጅና ድንጋይ ነው።

ያልተጠገኑ ክረምቶች

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ነዳጅ፣ መብራትና ባንክ በተቋረጠበት ጊዜ ለከተማ ሰው ለማብሰያ የቀረለት እንጨትና ከሰል ብቻ ነበር። ዓመታት የተጠበቁ ተራሮች ተቆረጡ። የቆረጠውን ሰው መውቀስ ለሞላለት ሰው ይቀላል፤ ጥበቃው ራሱ ደመወዝ አጥቶ ልጆቹ በተራቡበት ወራት ስሪቱ ማንን ይቀጣል?

እርከን በየዓመቱ ካልተጠገነ ይፈርሳል፤ አንዱ ድንጋይ ሲወድቅ ጎረቤቱን ይዞ ይወርዳል። ጥገና ሳይኖር ክረምቶች አለፉ። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ሰዉ ወደ ወፈራው ተመልሷል። ግን ብዙ እጅ ጎድሏል፤ ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ተፈናቅሎ ከተማ ነው።

በውሉ ውስጥ የሌለችው ከተማ

አሁን ወደ መቀሌዋ ማንቆርቆሪያ እንመለስ። የከተማዋን ጥም ያረካል ተብሎ በግባ ወንዝ ላይ የተጀመረው ትልቅ ግድብ በጦርነቱ ተቋርጦ ነበር። አንድ ቀን ያልቅ ይሆናል። ሲያልቅ የሚሞላው ከየት በሚመጣ ውሃ ነው? የግባ ገባሮች ሱሉሕ፣ ገንፈልና አጉላዕ የሚነሡት ውቅሮ ካለችበት ከምሥራቅ ትግራይ ተራሮች ነው። በእነዚያ ተራሮች ላይ እርከኑ ከቆመ ግድቡ ውሃ ይይዛል፤ ከፈረሰ ደለል ይይዛል። የትናንሾቹ ግድቦች ታሪክ በትልቁ እንዳይደገም ዋስትናው በገበሬዎቹ እጅ ነው።

እነዚያ ገበሬዎች ግን ድንጋይ የሚሸከሙት ለራሳቸው ማሳ ብለው እንጂ ለከተማዋ ሮቶ ብለው አይደለም። የከተማዋ ነዋሪ፣ ሆቴሏ፣ ፋብሪካዋ በስሪቱ ጉባኤ ተቀምጠው አያውቁም። ጥቅሙ ሲወርድ ይደርሳቸዋል፤ ድካሙ ወደ እነሱ አይወጣም። ይህ ልክ አይመስለኝም። ከእያንዳንዱ የውሃ ቢል ላይ ጥቂት ሳንቲም ተነሥቶ ለተራራው ጥበቃና ለእርከን ጥገና ቢውል፣ ያቺ ሕፃን የታቀፈች ሴት ያለ ክፍያ የምትሸከመው ድንጋይ ዋጋ ያገኛል። ከበሬ ባለቤቱ ጎረቤቷ ጋር የነበራት ልዩነትም ትንሽ ይጠብባል። ገንዘቡ ግን በቀጥታ ወደ መንደሩ ኮሚቴ መድረስ አለበት፤ በመንገድ ላይ በየቢሮው ከቀረ ስሪቱን ራሱን ያፈርሰዋል።

ከተማዋ በራሷ ጣሪያ ላይም ሥራ አላት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት በ500 ሚሊ ሜትር ክረምት 30 ሺህ ሊትር ይወርድለታል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 1,500 ጀሪካን ማለት ነው። ግማሹ ቢባክን እንኳ 750 ይቀራል። ለመጠጥ ባይሆን ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለጓሮ ይበቃል። ዛሬ ይህ ውሃ በአሸንዳ ወርዶ አስፋልቱን ያጥለቀልቅና ቦይ ይገባል፤ በዚያው ሳምንት ሰፈሩ ከጋሪ ጀሪካን ይገዛል። ከአሸንዳው ሥር አንድ ሮቶ ለመጨመር አቅም የሌለው ብዙ ነው፤ ለመንግሥት ቢሮ፣ ለትምህርት ቤትና ለሆቴል ግን ሰበብ አይሆንም።

በተራራው ላይ፣ የዕለቱ ሥራ አልቆ ሰዉ ዶማውን ሲያራግፍ፣ ከኮሚቴው ሽማግሌዎች አንዱን ስለ መቀሌ ሰዎች ጠየቅኳቸው። ከተሜ ልጆች ቢመጡ ይቀበሏቸው እንደሆነ። የተሰለፈውን ድንጋይ፣ ገና ያልተነካውንም ወገን አዩት።

«ልጆቻችን አይደሉም እንዴ? ግማሾቹ ከዚሁ የሄዱ ናቸው» አሉ። «ይምጡ። ውሃ ልክ ማየት በግማሽ ቀን ይለመዳል።»

ከዚያ ወደ ጉድጓዳቸው ወረዱ። አፉ ላይ ከተኙት እንጨቶች ሁለቱን ገለጥ አድርገው ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ለቀቁ። ገመዱ ላይ ሦስት ቋጠሮ አለ። እርጥበቱ ሁለተኛው ቋጠሮ ላይ ደርሶ ነበር። ለባለቤታቸው ጮክ ብለው ነገሯቸው፤ ከወዲያ ማዶም ሽንኩርቱ ሁለት ጊዜ ይጠጣ ይሆን የሚል ጥያቄ ተመለሰላቸው።